መድኃኒቱ ተቀብቶ፣ ተባዩ ሞቶ፣ ማሳከኩ ለምን ይቆያል? የእከክ ታሪክ ከሊቮርኖ እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ



«ዶክተር፣ መድኃኒቱን እንደታዘዝነው ተቀባን፤ ልብሱንም ቀቀልን፤ ልጁ ግን አሁንም ሌሊቱን ሙሉ ያክካል። መድኃኒቱ አይሠራም ማለት ነው?»

ይህ ጥያቄ በውስጥ መስመር ደጋግሞ ይደርሰኛል። በተለይ ከመርካቶ ዙሪያ፣ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወዲህና ወዲያ አንዲት ክፍል ውስጥ አምስት ስድስት ሆነው ከሚኖሩ ቤተሰቦች። አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ የእከክ መድኃኒት በትክክል ከተወሰደ በኋላም ማሳከክ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ብዙ ጊዜ ይህ የመድኃኒቱ መክሸፍ ምልክት አይደለም። ነገር ግን አንዳንዴ በሽታው በእርግጥ ሳይለቅ ወይም ተመልሶ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን መለየት ካልቻልን ወይ የልጁን ቆዳ በመድኃኒት ብዛት እናቃጥላለን፣ ወይ ደግሞ በሽታውን ቤት ውስጥ እናስቀምጣለን።

ልዩነቱን ለመረዳት ታሪኩን ማወቅ በጣም ይረዳል። ምክንያቱም ዛሬ እናቶች የሚጠይቁኝን ጥያቄ ሐኪሞች ራሳቸው ለመመለስ ብዙ መቶ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

«ደሙ ተበላሽቶ ነው»

ከጥንት ጀምሮ የአውሮፓ ሕክምና የተመሠረተው የሰው ጤና በሰውነት ፈሳሾች ሚዛን ላይ ይቆማል በሚለው የግሪኮች ትምህርት ላይ ነበር። በዚህ አስተሳሰብ እከክ ከውስጥ የሚመጣ፣ የደም ወይም የሐሞት መበላሸት ውጤት ነው። ስለዚህ ሐኪሞቹ ያስቀምጡ ነበር፣ ደም ያፈሱ ነበር፣ ምግብ ይከለክሉ ነበር። ዛሬም በየሰፈራችን «ደሙ ቆሽሾ ነው» ሲባል የምንሰማው ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሆኖም በቆዳ ውስጥ ስላለች ጥቃቅን ተባይ የጻፉ ሰዎች ቀደም ብለውም ነበሩ። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአንዳሉስ፣ በዛሬዋ ስፔን፣ የኖረው ሐኪም ኢብን ዙህር ከቆዳ ሥር ስለምትወጣ፣ ለማየት እስክታስቸግር ድረስ ስለምታንስ ነፍሳት ጽፏል። ነገር ግን ይህ ዕውቀት የሕክምናውን ዋና መንገድ ሳይቀይር ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1687 ጆቫኒ ኮሲሞ ቦኖሞ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪምና ዲያቺንቶ ቼስቶኒ የተባለ የመድኃኒት ቀማሚ በወደብ ከተማዋ ሊቮርኖ አንድ ነገር አስተዋሉ። ድሆች እናቶች እከክ ከያዛቸው ልጆቻቸው ቆዳ ላይ በመርፌ ጫፍ አንዲት ትንሽ ነጭ ነገር እየነቀሱ ያወጡ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ያቺን ነገር በአጉሊ መነጽር ሲያዩዋት እግር ያላት ሕያው ተባይ ሆና አገኟት፤ እንቁላሏንም አዩ፤ ሥዕሏንም ሣሉ። ለታወቀው ሊቅ ለፍራንቼስኮ ሬዲ በተጻፈው ደብዳቤ ላይ እከክ የሚመጣው ከዚህች ተባይ እንደሆነ፣ መድኃኒቱም የሚዋጥ ሳይሆን ቆዳ ላይ የሚቀባ መሆን እንዳለበት አስረዱ።

ልብ በሉ፦ መጀመሪያ ያወቁት እናቶቹ ነበሩ። ትልልቆቹ ሐኪሞች ግን አልተቀበሉትም። እውነቱ ለ150 ዓመት ገደማ ተዳፍኖ ቆየ።

ሽፍታው ያለበትና ተባዩ ያለበት ቦታ አንድ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1812 ፓሪስ በሚገኘው ሴንት ሉዊ ሆስፒታል ጋሌስ የተባለ ሰው የእከክን ተባይ አገኘሁ ብሎ በአደባባይ አሳየ። ሌሎች ሐኪሞች ግን ከሕመምተኞች ውኃ ያዘሉ ሽፍታዎች ውስጥ ቢፈልጉ ቢፈልጉ ምንም አጡ። በኋላ ሲጣራ ጋሌስ ያቀረበው ሥዕል አይብ ላይ የምትገኝ ሌላ ተባይ ሆኖ ተገኘ። ብዙዎች «ያው፣ የእከክ ተባይ የሚባል ነገር የለም» ብለው ደመደሙ።

እ.ኤ.አ. በ1834 ሬኑቺ የተባለ ከኮርሲካ ደሴት የመጣ የሕክምና ተማሪ ነገሩን ቋጨው። በአገሩ የገጠር ሴቶች ተባዩን በመርፌ ሲያወጡ አይቶ ያውቅ ስለነበር ያንኑ ሆስፒታል ውስጥ በመምህራኑ ፊት አደረገው። ምሥጢሩ ቦታው ላይ ነበር። ሌሎቹ የፈለጉት በሽፍታው ውስጥ ነው፤ እሱ ግን በጣቶች መካከልና በእጅ አንጓ ላይ ካለችው ቀጭን መስመር ጫፍ ነው ያወጣት። ያቺ መስመር ተባይቱ በቆዳ ላይኛ ንጣፍ ውስጥ የቆፈረችው ዋሻ ናት።

ይህ ለእናንተ ምን ይጠቅማል? ልጃችሁ ሆዱን፣ ጭኑን፣ ብብቱንና መቀመጫውን ሙሉ ሽፍ ብሎበት ብታዩ በእያንዳንዱ ሽፍታ ውስጥ አንድ ተባይ አለ ማለት አይደለም። አብዛኛው ሽፍታ ሰውነት ለተባይቱ የሚሰጠው የአለርጂ ምላሽ ነው። ይህን በቁጥር ያሳየው ደግሞ ቀጥሎ የምነግራችሁ ሰው ነው።

ለማሳከክ ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ሠራዊት በእከክ ተቸግሮ ነበር። ብርድ ልብስና የደንብ ልብስ በሙቀት ለማጽዳት ብዙ ገንዘብ፣ ነዳጅና ጉልበት ይፈስ ነበር። ኬኔት ሜላንቢ የተባለ የነፍሳት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1941 ሼፊልድ ከተማ ውስጥ ሙከራ ጀመረ። ፈቃደኞቹ በሃይማኖታቸው ወይም በኅሊናቸው ምክንያት መሣሪያ አናነሣም ያሉ ወጣቶች ነበሩ። እከክ ያለባቸው ወታደሮች ያወለቁትን ያልታጠበ የውስጥ ልብስ ለበሱ፤ በተኙበት ብርድ ልብስም ራቁታቸውን ተኙ።

ውጤቱ ሁሉንም አስገረመ፤ በልብስና በብርድ ልብስ የተያዙት እጅግ ጥቂት ነበሩ። በቀላሉ የተላለፈው ሰው ከሰው ጋር አንድ አልጋ ላይ ሲተኛ ነው። ብርድ ልብስ ላይ ይፈስ የነበረው ወጪ ትርጉም እንደሌለው ታወቀ።

ሜላንቢ ሌሎች ሦስት ነገሮችንም አሳየን።

1. አንድ ተራ እከክ ያለበት ሰው ላይ በአማካይ የሚገኙት አዋቂ ሴት ተባዮች 11 ገደማ ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹም እጅና የእጅ አንጓ ላይ ነበሩ። በመቶ የሚቆጠር ሽፍታ፣ 11 ተባይ!

2. ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ለአንድ ወር ገደማ አያሳክከውም። ተባይቱ አለች፣ ትቆፍራለች፣ እንቁላል ትጥላለች፤ ሰውነት ግን ገና አልለያትም።

3. አንዴ ታክሞ የዳነ ሰው እንደገና ሲያዝ በአንድ ቀን ውስጥ ማሳከክ ይጀምረዋል። ሰውነቱ አሁን ጠላቱን ያውቃታል።

ከነዚህ የምንማረው ማሳከኩን የሚያመጣው የተባይቱ ንክሻ ሳይሆን የራሳችን ሰውነት ለእሷ፣ ለእንቁላሏና ለዐይነ ምድሯ የሚሰጠው ምላሽ መሆኑን ነው። ተባይ እያለ ማሳከክ ላይኖር ይችላል፤ ተባይ ከሞተ በኋላም ማሳከክ ሊኖር ይችላል።

በርበሬ ስትቆሉ የሚሆነውን አስቡት። እሳቱን አጥፍታችሁ ምጣዱን ብታወጡም ጢሱ ከቤት ወጥቶ እስኪያልቅ ማሳሉ አይቆምም። መድኃኒቱ እሳቱን ያጠፋል። የሞተችው ተባይ፣ የእንቁላሏ ቅርፊትና ቆሻሻዋ ግን ቆዳው ውስጥ ይቀራል። የላይኛው የቆዳ ንጣፍ ተገፍፎ በአዲስ እስኪተካ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። ሰውነት እስከዚያ መቆጣቱን አያቆምም።

በ2008 ዓ.ም. በአገራችን

ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. ኤል ኒኞ ባስከተለው ከባድ ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገናችን የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ውኃ ሲጠፋ፣ ሰው ሲፈናቀልና ተጨናንቆ ሲያድር እከክ በወረርሽኝ መልክ ተነሣ። በአማራ ክልል ብቻ በ68 ወረዳዎች ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰው ተፈትሾ 379,000 ያህሉ እከክ ተገኘበት። ይህ ማለት ከሦስት ሰው አንዱ ነው። ከታመሙት ግማሽ ያህሉ ለትምህርት ዕድሜ የደረሱ ልጆች ነበሩ። ጎንደር ላይ በቆሎ ተማሪዎች መካከል የተሠራ ጥናትም ከአምስቱ አንዱ ገደማ እከክ እንዳለበት አሳይቷል። በአንዲት ጎጆ ተጠጋግተው የሚያድሩ ልጆች ናቸውና አያስገርምም።

ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ያኔ ለወረርሽኙ የሚሆን ጊዜያዊ መመሪያ አወጣ። ከሚቀቡት መድኃኒቶች ጎን አይቨርሜክቲን የሚባለው እንክብልም ሥራ ላይ ዋለ። ይህ መድኃኒት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ላሉ ወገኖቻችን አዲስ አልነበረም፤ በጥቁር ዝንብ ለሚተላለፈው ለኦንኮሰርካ በሽታ ለዓመታት ሲታደል የቆየ ነው። መነሻው ጃፓን ውስጥ ከአፈር የተገኘች ባክቴሪያ ስትሆን፣ ሳቶሺ ኦሙራና ዊልያም ካምፕቤል ለዚህ ግኝታቸው እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 እከክን ትኩረት ከተነፈጋቸው የቆላማ አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባ። በአማራ ክልልም በተከታዮቹ ዓመታት ከ9 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሸፈነ የፍተሻና የሕክምና ሥራ ተሠርቷል።

በፊጂ ደሴቶች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናትም ትልቅ ትምህርት ሰጥቷል። ነዋሪው በሙሉ፣ የሚያሳክከውም የማያሳክከውም፣ አይቨርሜክቲን በወሰደበት ማኅበረሰብ እከክ ከ32 በመቶ ወደ 2 በመቶ ገደማ ወርዶ ተገኘ። «እኔን አያሳክከኝም፤ ለምን እቀባለሁ?» ለሚል አባወራ መልሱ ይኸው ነው። ሜላንቢ እንዳሳየን፣ ያ የማያሳክከው ወር ሰውየው ተባዩን ለሌላ የሚያስተላልፍበት ወር ነው።

ወደ ድልድያችን ስንመለስ

ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስሙን የያዘው የዳግማዊ ምኒልክ የጦር ሚኒስትር ከነበሩት፣ በ1919 ዓ.ም. ካረፉት ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ዋናው ገበያ ከአራዳ ወደ ዛሬው መርካቶ ሲዞር ዙሪያው ሰው በሰው ላይ የሚኖርበት ሰፈር ሆነ። ዛሬ በዚህ አካባቢ በአንዲት ክፍል ብዙ ሰው፣ በአንድ ፍራሽ ሁለት ሦስት ልጅ፣ በአንድ ቤት ብዙ ወዛደርና ሊስትሮ ማደሩ የተለመደ ነው። እከክ የሚወደው ይህንን ነው፤ የቆዳ ከቆዳ መነካካትን። እከክ የቆሻሻ ሰው በሽታ አይደለም። በቀን ሁለቴ የሚታጠብ ሰውም ከታመመ ሰው ጋር አብሮ ከተኛ ይይዘዋል። «እከካም» እያልን የምናሸማቅቀው ልጅ ደግሞ የሚደብቅ ልጅ ይሆናል፤ የተደበቀ እከክ ደግሞ ለመላው ቤት ይተርፋል።

«ከሰልባጅ ልብስ ነው የያዘው» የሚል ወላጅም ብዙ ነው። ተባይቱ ከሰው ቆዳ ርቃ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ቀን በላይ አትኖርም። ስለዚህ በቦንዳ ታስሮ ብዙ ሳምንት የተጓዘ ልብስ የእከክ ምንጭ የመሆን ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። ሰልባጅን አጥባችሁ ልበሱ፤ የእከኩን ምንጭ ግን ከልጁ ጋር በሚተኛው ሰው ዘንድ ፈልጉ። አጭር ሰላምታ ወይም ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጥም በተለምዶ አያስተላልፍም።

እንግዲህ ማሳከኩ ከቆየ ምን ታደርጋላችሁ?

በመጀመሪያ ሕክምናው በትክክል መወሰዱን አረጋግጡ።

1. ቅባቱ ከአንገት በታች ሙሉ ሰውነት ላይ ተቀብቷል? በጣቶች መካከል፣ በጥፍር ሥር፣ በብልት አካባቢ፣ በእምብርትና በእግር መዳፍ ጭምር? ለሕፃናት ከዓይንና ከአፍ ዙሪያ በቀር ፊትና ራስም ይቀባል። የሚያሳክከው ቦታ ብቻ ከተቀባ አልታከመም።

2. ፐርሜትሪን 5 በመቶ ከሆነ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ቆዳ ላይ ቆይቷል? ልጁ እጁን ሲታጠብ እንደገና ተቀብቶለታል? ከ7 ቀን በኋላስ ተደግሟል? የድኝ ቅባት ከሆነ ለ3 ተከታታይ ሌሊት ተቀብቷል? አይቨርሜክቲን ከሆነ ሁለተኛው መጠን ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ተወስዷል? መድኃኒቱ እንቁላሉን ስለማይገድል ሁለተኛው መጠን አይታለፍም።

3. በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉት ሁሉ፣ ሞግዚቷና የቤት ሠራተኛዋም ጭምር፣ በአንድ ቀን ታክመዋል? ዛሬ ልጁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እናቱ፣ ደመወዝ ሲወጣ ደግሞ አባቱ ከታከሙ በሽታው በቤት ውስጥ ይዞራል።

4. ባለፉት 3 ቀናት የተለበሰ ልብስ፣ አንሶላና ፎጣ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል? መታጠብ የማይችለውን ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ለ3 ቀን አስቀምጡት፤ ለአንድ ሳምንት ብታቆዩት ደግሞ ይበልጥ አስተማማኝ ነው።

ይህ ሁሉ ከተሟላ ቀኑን ቁጠሩ።

ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ሳምንት፦ ማሳከክ የሚጠበቅ ነው። እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊብስ ይችላል። ዋናው ጥያቄ «ያሳክካል ወይ?» ሳይሆን «አዲስ ሽፍታ ወይም አዲስ መስመር ይወጣል ወይ?» የሚለው ነው።

ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት፦ ማሳከኩ ቀስ በቀስ መቀነስ አለበት። ሽታ የሌለው ቫዝሊን ወይም ማለስለሻ ቅባት፣ ለብ ያለ (ትኩስ ያልሆነ) ውኃ፣ አጭር ጥፍርና ስስ የጥጥ ልብስ በጣም ይረዳሉ። ሌሊት እንቅልፍ ከነሣ ሐኪም የአለርጂ እንክብል ወይም ሽሮፕ ሊያዝ ይችላል፤ እንቅልፍ የሚያመጡትን ግን ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በራሳችሁ አትስጡ።

ከአራት ሳምንት በኋላ፦ ማሳከኩ ካልቀነሰ፣ ወይም ከዚያ በፊትም ቢሆን አዲስ ሽፍታ ከወጣ ሐኪም ያየው። እንደገና ተይዞ ይሆናል፣ ሕክምናው ጎድሎ ይሆናል፣ ወይም ችግሩ ከመጀመሪያውም ሌላ የቆዳ በሽታ ይሆናል። በብብት፣ በብልት ወይም በብሽሽት የሚቀሩ ጠጣር እብጠቶች ግን ተባዩ ከሞተ በኋላም ለወራት ሊቆዩ ስለሚችሉ ብቻቸውን አያስደንግጧችሁ። አስቸጋሪ ከሆነ ወደ ቆዳ ሐኪም ትላካላችሁ፤ በከተማችን ለቆዳ ሕክምና ከሚታወቁት ተቋማት አንዱ አለርት ነው።

እባካችሁ እነዚህን አታድርጉ

ማሳከኩ ስላልቆመ ብቻ ቅባቱን በየቀኑ አትደጋግሙ። ቢቢኤል፣ ድኝና ፐርሜትሪን ከመጠን ሲያልፉ ራሳቸው ቆዳን ያቃጥላሉ፤ ያ ቃጠሎም ያሳክካል። እናት «አልዳነም» ብላ እንደገና ትቀባለች፤ ልጁ ይብስበታል። አሁን እያሳከከው ያለው መድኃኒቱ ነው።

ነጭ ጋዝ፣ የተባይ ማጥፊያ መርጫ ወይም ለከብት የሚሰጥ አይቨርሜክቲን ሰው ላይ አትጠቀሙ፤ ሊገድል ይችላል። ለሰው የተሠራው አይቨርሜክቲንም ቢሆን ክብደቱ ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅና ለነፍሰ ጡር አይታዘዝም።

እንዲሁም «የሚያሳክክ ነገር አለው» ብላችሁ ከፋርማሲ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ገዝታችሁ አትቀቡ። ሽፍታውን ያደበዝዘዋል፤ ተባዩ ግን ከሥር ይራባል፤ ሐኪምም ያየዋል እንጂ አያውቀውም።

ቶሎ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

የታከከው ቦታ መግል ከያዘ፣ ቀልቶ ከሞቀ ወይም ልጁ ትኩሳት ካለው አትጠብቁ። በተለይ የዓይን ዙሪያው ወይም እግሩ ካበጠ፣ ሽንቱ የኮካ ኮላ ቀለም ከመሰለ ወይም ከቀነሰ በዚያው ቀን ውሰዱት። በተቧጠጠ ቆዳ የሚገባ ባክቴሪያ ከሳምንታት በኋላ ኩላሊትን ሊያስቆጣ ይችላል። «እከክ ነው፤ ይለቀዋል» ተብሎ የተተወ ልጅ ላይ ትልቁ አደጋ ይህ ነው። እጅግ ወፍራም ቅርፊት የሚሠራ እከክም በተለይ የሰውነት መከላከያቸው በደከመ ሰዎች ላይ ይታያል፤ በእነሱ ላይ ተባዩ 11 ሳይሆን በሺዎች ስለሚቆጠር አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል።

በአማርኛ «እከክልኝ ልከክልህ» የሚል አባባል አለን፤ የጥቅም መተሳሰብን ለመንቀፍ እንለዋለን። ለእከክ ግን ሌላ መተሳሰብ ያስፈልጋል፤ ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱና ባለ ጋራ ግቢው በአንድ ቀን አብሮ መታከም። የሊቮርኖዋ እናት መርፌ ብቻ ነበራት። እናንተ መድኃኒቱም መረጃውም አላችሁ፤ የቀራችሁ በትክክል መቀባት፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ማከምና አራት ሳምንቱን በትዕግሥት መቁጠር ነው።

ይህን ጽሑፍ አንድ ፍራሽ ላይ ብዙ ልጆች ለሚያስተኙ ወላጆች አጋሯቸው። ጥያቄ ካላችሁ የልጁን ዕድሜ፣ የተሰጠውን መድኃኒትና የተቀባበትን ቀን ጨምራችሁ በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ።